ባካፑ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ኮምፒውተር ለሚነካካ ሰው ጥር ከባድ ወር ነው። ጥምቀቱ አለ፣ ከኋላው ሰርጉ ተከታትሎ ይመጣል፣ ፎቶ ቤቶች ሚሞሪ ካርዳቸው ሁሉ ሞልቶ ባካፕ ለመያዝ፣ ማለትም የፋይላቸውን መጠባበቂያ ቅጂ ለማስቀመጥ፣ ወደ ኤክስተርናል (በኬብል ወደሚሰካ ዲስክ) መገልበጥ ይጀምራሉ። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች ተራ ነው፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪም ከቴዎድሮስ ግቢም። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «40 ፐርሰንት ላይ ቀጥ ብሏል፣ ላጥፋው?» አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አታጥፉት፣ መጀመሪያ እዩት» ነው። ምን እንደሚታይና የት እንደሚታይ ከታች አለ። እዚህ ብዙ ሰው የያዘው ዊንዶውስ ስለሆነ ወሬው በአብዛኛው ስለ እሱ ነው፤ ሊኑክስና ማክም ቦታቸው ሲደርስ ይነሳሉ።

ፐርሰንቱ ከቆመ ቆይቷል። ባካፑ ሞቷል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ፐርሰንት ማለት ፕሮግራሙ ሲጀምር «ይሄን ያህል ሥራ አለብኝ» ብሎ የገመተውን ይዞ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ግምቱ ከሳተ ቁጥሩም ይስታል። በዛ ላይ አቆጣጠራቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ፋይል ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ባይት ይቆጥራል። 10,000 ፎቶና አንድ 60 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ አለ እንበል። ፋይል የሚቆጥረው ፎቶዎቹን ጨርሶ 99 ፐርሰንት ይላችኋል፣ ከዛ ቪዲዮው ላይ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያናድዳችኋል። ባይት የሚቆጥረው ደግሞ ትልቁን ቪዲዮ ላፍ አድርጎ ያልፍና ጥቃቅኖቹ ላይ ሲደርስ ይንፏቀቃል። ለእያንዳንዱ ትንሽ ፋይል ስም መመዝገብ፣ መክፈት፣ መጻፍ፣ መዝጋት አለበት፤ ስለዚህ መቶ ሺህ ጥቃቅን ፋይልና አንድ ትልቅ ፋይል ጊጋባይታቸው እኩል ቢሆንም ጊዜያቸው እኩል አይደለም።

«2 ደቂቃ ቀርቷል» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚያስጠብቀውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ያለፉትን ጥቂት ሰከንዶች ፍጥነት አይቶ ነው የሚገምተው፣ ከፊቱ ምን ዓይነት ፋይል እንዳለ ግን አያውቅም።

ታዲያ ፐርሰንቱን ካላመንኩ ምኑን ልይ?

የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ። የሚጫን ፕሮግራም አያስፈልግም፣ ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ አለ።

መጀመሪያ የኤክስተርናሉን ባዶ ቦታ እዩ። ስንት ጊጋባይት እንደቀረው ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ፣ ተመልሳችሁ ኤፍ5 ተጫኑና እንደገና እዩት። ከቀነሰ ሥራ እየተሠራ ነው። ልዩነቱን በጊዜው ብታካፍሉት እውነተኛውን ፍጥነት ታገኛላችሁ፦ በ10 ደቂቃ 12 ጊጋባይት ከወረደ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ገደማ እየሄደ ነው። የቀረውን ለዚህ ስታካፍሉት የሚመጣው ሰዓት ፕሮግራሙ ከሚነግራችሁ የተሻለ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አንዳንድ ፕሮግራም ቦታውን ገና ሲጀምር ጠቅልሎ ስለሚይዘው ባዶ ቦታው ባንዴ ይወርድና ዝም ይላል። እንደዛ ከሆነ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

የሚቀጥለው ታስክ ማናጀር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ከግራ በኩል ዲስኮቹ ተደርድረዋል። ኤክስተርናሉን መርጣችሁ የመጻፍ ፍጥነቱን እዩ። ግራፉ ከፍ ዝቅ እያለ ከሆነ፣ ለሰከንዶች ዜሮ እየነካም ቢሆን፣ በሕይወት አለ። የቱን ፋይል እየነካ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሪሶርስ ሞኒተርን ክፈቱ፣ ዲስክ የሚለውን ክፍል፤ እዛ የፋይሉ ስም ከነመንገዱ ይታያል። ስሙ ከተቀያየረ ወደፊት እየሄደ ነው፣ አንድ ስም ላይ ከተቸከለ ግን ችግሩ ያ ፋይል ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም መቆሙን ብቻ ሳይሆን የት እንደቆመም ይነግራል።

በፋይል ኤክስፕሎረር ዝም ብላችሁ ኮፒ ፔስት ካደረጋችሁ ደግሞ «ሞር ዲቴይልስ» የምትለዋን ተጫኗት። የፍጥነቱ ግራፍ፣ የቀረው የፋይል ብዛትና መጠን ይወጣል። ትንሿን መስኮት ብቻ እያዩ የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ግራፉ ጸጥ ብሏል፣ ባዶ ቦታውም አልቀነሰም። አሁንስ?

አሁን መጠየቅ ያለባችሁ «እየጠበቀ ነው ወይስ ተሰብሯል?» የሚለውን ነው። ከልምድ የምነግራችሁ፣ ብዙው እየጠበቀ ነው፣ የሚጠብቀውም እናንተን ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ከሌላ መስኮት ኋላ የተደበቀ ጥያቄ ነው። «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ልተካው ወይስ ልለፈው?» ብሎ ቆሟል፣ እናንተ ፌስቡክ ከፍታችሁበታል፣ ማን ይመልስለት? ሁሉንም መስኮት ዝቅ አድርጉና ዴስክቶፑን እዩ።

ሁለተኛው ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ለሚጠቀሙ ነው። መስኮቱ ውስጥ በማውዝ አንዴ ጠቅ ካደረጋችሁ ዊንዶውስ ጽሑፍ ልትመርጡ የፈለጋችሁ ይመስለዋል፣ የመስኮቱ ርዕስ ላይ «ሴሌክት» የሚል ቃል ይጨመራል፣ ውስጥ ያለው ፕሮግራምም ይቆማል። ኢንተር ወይም ኢስኬፕ ስትጫኑ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህች ጠቅታ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ባካፕ ብርቅ አይደለም።

ሦስተኛው የሮቦኮፒ ጠባይ ነው። ሮቦኮፒ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ጎበዝ የመገልበጫ ትዕዛዝ ነው፣ ግን ካልነገራችሁት በቀር አንድ ፋይል እምቢ ሲለው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፣ በየሙከራው መሃል 30 ሰከንድ ይጠብቃል። አስሉት፤ ለአንዲት ፋይል ብቻ 347 ቀን ገደማ ነው! ስለዚህ ስትጀምሩ የሙከራውን ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት አድርጉት፣ የመጠበቂያውን ሰከንድም አሳንሱት። ሁለቱም የራሳቸው ምርጫ አላቸው፣ የትዕዛዙን እርዳታ ብታስነብቡት ያወጣቸዋል።

አራተኛው፣ ፋይሉ 4 ጊጋባይት ይበልጣል፣ ፍላሹ ደግሞ ፋት32 በሚባለው የአቀማመጥ ዓይነት ነው ፎርማት የተደረገው። ፋት32 ላይ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት አይችልም፣ ባዶ ቦታው የፈለገውን ያህል ይሁን። ረጅም የሰርግ ቪዲዮ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ፎርማት ያለውን ሁሉ ያጠፋልና መጀመሪያ አውጡት።

ተሰብሮ ከሆነ በምን አውቃለሁ?

ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሥራ ላይ ነኝ እያለ ፍጥነቱ ዜሮ ወይም ኪሎባይት ከሆነና እንዲሁ ከቆየ ጥሩ ምልክት አይደለም። ዲስኩ አንድ ቦታ ማንበብ አቅቶት ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ከዚህ ጋር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወሬው አለቀ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ ያጋጠመውን የሚመዘግብበት) ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቱና ከዲስክ የመጣ ቁጥር 7 ወይም 153 ፈልጉ፤ 7 የተበላሸ ቦታ አገኘሁ ማለት ነው፣ 153 ደግሞ ማንበብ ወይም መጻፍ ደገምኩ ማለት ነው። 153 አንዳንዴ ከኬብልም ይመጣል፣ ስለዚህ ዲስኩን ከመርገማችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ።

እየሞተ ያለው ምንጩ ዲስክ ከሆነ፣ ማለትም ዋናው ዳታ ያለበት፣ ተራውን ባካፕ አቁሙት። «ሁሉንም ልያዝ» ማለት በዚህ ሰዓት አይሠራም። በጣም የምትፈልጉትን ፎልደር ብቻ መጀመሪያ አውጡ፣ ከዛ ሌላውን። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ይጠቀምላችሁ። ስንት እንዳዳነ፣ ስንት ቦታ እንዳቃተው እየቆጠረ ያሳያል፣ የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስንት ሰዓት ነው መፍጀት ያለበት?

በምን እንደሰካችሁት ይወሰናል። ዩኤስቢ 2.0 ወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ይላል፣ በተግባር ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ካገኛችሁ ደህና ነው። ዩኤስቢ 3.0 ላይ የተሰካ ተራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለትልልቅ ፋይሎች በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል። 200 ጊጋባይት ካላችሁ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለ ማለት ነው። ጥቃቅን ፋይል ከበዛ ሁለቱንም እጥፍና ከዛ በላይ አድርጉት።

3.0 የሆነው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። ኤክስተርናሉ 3.0 ሆኖ ኬብሉ ወይም ቀዳዳው 2.0 ከሆነ የሚሄደው በ2.0 ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ካለው ይልቅ ከኋላ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሞክሩ።

በ100 ጀምሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 10 እና 15 ላይ ቢወርድባችሁም አትደንግጡ። ርካሽ ፍላሾችና አንዳንድ ኤክስተርናሎች መጀመሪያ ፈጣኗ ክፍላቸው ላይ ይጽፋሉ፣ እሷ ስትሞላ እውነተኛ ፍጥነታቸው ይወጣል።

ባለፈው ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ዛሬ በአምስት ደቂቃ አለቀ። የሆነ ነገር ዘለለ?

አልዘለለም። የመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ይወስዳል፣ ከዛ በኋላ አዲስና የተቀየረውን ብቻ ነው። መጠራጠር ያለባችሁ በተቃራኒው ሲሆን ነው፤ ምንም ሳትጨምሩ እንደገና ሦስት ሰዓት ከፈጀ የድሮውን ባካፕ አላገኘውም ወይ ዲስኩ ደክሟል።

ፋይል ሂስትሪ ፐርሰንት አያሳይም። እንዴት ነው የምከታተለው?

ፋይል ሂስትሪ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ባካፕ ያዥ ነው፤ ፐርሰንት የለውም፣ አትፈልጉት። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ስትከፍቱት ፋይል የገለበጠበትን የመጨረሻ ቀንና ሰዓት ነው የሚያሳያችሁ። ካልነካችሁት በየሰዓቱ ይሄዳል፣ ስለዚህ ክትትሉ ያቺን ሰዓት ማየት ነው። ከትናንት በስቲያ ላይ ከቆመች መጀመሪያ ኤክስተርናሉ መሰካቱን እዩ። ሳይሰካ ሲቀር የተወሰነውን ራሱ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያቆይና ስትሰኩት ያስተላልፈዋል፣ ግን ያ ቦታ የተወሰነ ነው።

እዚህ ላይ ከፐርሰንት የሚበልጥ ጉዳይ አለ። እኛ ጋ ኮምፒውተር ስናስጭን ዲስኩ ሲና ዲ ተብሎ ይከፈላል፣ ሥራው ሁሉ ዲ ላይ ይቀመጣል። ፋይል ሂስትሪ ደግሞ ካልተነገረው በቀር የሚያውቀው ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና የመሳሰሉትን ነው። ሰውየው በየቀኑ «ባካፕ ተይዟል» የሚለውን ያያል፣ የስቱዲዮው ሥራ በሙሉ ዲ ላይ ነው፣ አንድም ነገር አልተያዘም። ዲ ላይ ያለውን ፎልደር ዊንዶውስ ላይብረሪ ውስጥ ጨምሩት፣ ከዛ ኤክስተርናሉ ውስጥ ገብታችሁ መታየቱን አረጋግጡ። ደግሞ ከሲ ወደ ዲ መገልበጥ ባካፕ አይደለም። አንድ ዲስክ ነው፣ ሲሞት አብረው ነው የሚሞቱት።

ባካፕ እየሄደ መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል፣ ያውም 90 ፐርሰንት ላይ።

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይዞት ይቆያል፣ ግን ኤክስተርናሉን እዩት። ትንሿ ኤክስተርናል ከላፕቶፑ ነው ኃይል የምትወስደው፣ አብራ ትቀጥላለች። ትልቁና የራሱ አዳፕተር ያለው ግን መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፑ በርቶ ስላዩት «ደህና ነው» ይላሉ፣ መድረሻው ግን የለም። ዩፒኤስ ካላችሁ ኮምፒውተሩን ብቻ ሳይሆን ኤክስተርናሉንም እሱ ላይ ሰኩት። ዩፒኤሱ የሚሰጣችሁ ደቂቃዎችም ባካፑን የምትጨርሱባቸው ሳይሆኑ በሥርዓት የምታቆሙባቸው ናቸው፤ «ትንሽ ይቀረዋል» እያሉ ባትሪው እስኪያልቅ መጠበቅ ቁማር ነው።

መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ሲገለበጥ የነበረችውን ፋይል ጠርጥሩ። መጠኗ ሙሉ መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ቦታዋን ቀድሞ ሊይዝላት ይችላል፣ ውስጧ ግን ግማሽ ነው። «አለች፣ ልዝለላት» አትበሉ፣ ሰርዟትና እንደገና ገልብጡ። ዲስኩ ኤክስፋት ከሆነ ደግሞ የስህተት ምርመራውን አስኬዱት፤ ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራውን እየመዘገበ ስለሚሄድ ድንገተኛ መቋረጥን ይችላል፣ ኤክስፋት ግን ያ መዝገብ የለውም። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት ቤት ለዊንዶውስ ባካፕ የእኔ ምርጫ ኤንቲኤፍኤስ ነው፣ ሮቦኮፒንም ከተቋረጠበት እንዲቀጥል በሚያደርገው ምርጫው ነው የማስኬደው።

ሌላው ራሱን የሚያጠፋው ላፕቶፑ ነው። ክዳኑን ስትዘጉት ይተኛል፣ ባካፑም አብሮ ይተኛል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ቻርጀር ላይ ሲሆን እንዳይተኛና ክዳን ሲዘጋ ምንም እንዳያደርግ አድርጉት። ከዛ ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፣ ይግላል።

ሌሊት እንዲሄድ ቀጥሬው ነበር፣ ጠዋት ሳየው አልሄደም። ለምን?

የስንት ሰዓት ቀጠራችሁት? ይህን የምጠይቀው ለቀልድ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ሱቃችሁን ጠዋት 2 ሰዓት ስትከፍቱ እንዲጀምር ብላችሁ 2 ብትሉትና ኤኤም ብትመርጡ፣ ለእሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ባካፑም የለም። ጠዋት 2 ሰዓት የሚባለው ለእሱ 8 ኤኤም ነው። 6 ጨምሩ ወይም ቀንሱ፣ ከዛ ኤኤምና ፒኤሙን ደግማችሁ እዩ።

ባካፑ የሠራውን የሚጽፍበትን የመዝገብ ፋይል ስታነቡም ያው ነው። ጃንዋሪ 19 የሚል ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጥር 11 ነው፣ ለጥምቀት ከተማው ሁሉ ፋሲለደስ መዋኛ በነበረበት ቀን። ያን ቀን ሱቅ ዝግ ስለነበር «ዲስክ አልተገኘም» የሚል ብታዩ አይገርምም።

ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ታስክ ስኬጁለርን (የዊንዶውስን የሥራ መቅጠሪያ) ክፈቱ። የመጨረሻ የሄደበትን ሰዓትና ውጤቱን በቁጥር ያሳያል። ዜሮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰላም ነው። ሮቦኮፒ ግን ለየት ይላል፤ ዜሮ ካለ የሚገለበጥ አላገኘሁም፣ 1 ካለ በሰላም ገልብጫለሁ፣ 8 እና ከዛ በላይ ካለ ያቃተኝ አለ ማለት ነው። 1ን አይቶ «ኤረር» ብሎ የሚደናገጥ አይጠፋም።

ወደ ጎግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ እየጫንኩ ነው። ዝንተ ዓለም ሊፈጅብኝ ነው?

ምናልባት። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። በዚህ ፍጥነት 100 ጊጋባይት ለመጫን 55 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ኔትወርኩ አንዴም ሳይቆራረጥ። ደግሞ የሚለካው የመጫኛው ፍጥነት እንጂ ዩቲዩብ የምታዩበት አይደለም፣ መጫኛው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ የሰርግ ቪዲዮ ወደ ኤክስተርናል፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሒሳብ ፋይል ወደ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻ)። የእኔ ምክር ይሄው ነው። ነጻው ቦታም ከዚህ በላይ አይሸከምም፦ ጎግል 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ 5።

ሁኔታውን የምታዩት ከታች በስተቀኝ ሰዓቱ አጠገብ ባለው ምልክት ነው። ጠቅ ስታደርጉት ስንት ፋይል እንደቀረና የቱ ላይ እንዳለ ይዘረዝራል። በስልክ ዳታ ተገናኝታችሁ ኮኔክሽኑ «ሜተርድ» ተብሎ ከተመዘገበ ዋንድራይቭ ፓኬጃችሁን እንዳይበላ ራሱን ሊያቆም ይችላል። ባትሪ መቆጠቢያው ሲበራም እንደዛው። ያ ብልሽት አይደለም፣ እንዲቀጥል ብትሉት ይቀጥላል፣ ፓኬጁ ግን የናንተ ነው።

ሊኑክስ ላይ አርሲንክ ስጠቀም ፐርሰንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምን ጉድ ነው?

ጉድ የለውም። አርሲንክ (የሊኑክስ የመገልበጫ ትዕዛዝ) ሁሉንም ፋይል ቆጥሮ ሳይጨርስ ነው መገልበጥ የሚጀምረው። እየሄደ ሌላ ፎልደር ሲያገኝ ጠቅላላው ያድጋል፣ ፐርሰንቱ ይወርዳል። አጠቃላይ ሂደቱን የሚያሳየውን ሁለተኛውን የፕሮግረስ ዓይነት ተጠቀሙ፣ ቀድሞ ሁሉንም እንዲቆጥር የሚያደርገውን ምርጫም ጨምሩበት። ሲጀምር ትንሽ ይዘገያል፣ ቁጥሩ ግን የሚታመን ይሆናል።

ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ «አለቀ» ካለ በኋላም ገና ሚሞሪ ላይ ያለ፣ ዲስኩ ላይ ያልሰፈረ ዳታ ሊኖር ይችላል። ሲንክ የሚለውን ትዕዛዝ ስጡና እስኪመለስ ጠብቁ። ከዛ በፊት መንቀል የለም።

ማክ ላይስ?

የማክ የራሱ ባካፕ ያዥ፣ ታይም ማሽን፣ ከላይ ባለው መስመር ላይ ምልክት አለው፣ ስትጫኑት ስንት እንደተገለበጠ ይነግራችኋል። «እያዘጋጀሁ ነው» እያለ መቆየቱ የተለመደ ነው፣ በተለይ ባለፈው በሥርዓት ሳይነቀል የቀረ ከሆነ። ሲገለብጥም ሥራችሁን እንዳያደናቅፍ ሆን ብሎ ቀስ ይላል፣ የመጀመሪያው ዙር ማደሩ ብርቅ አይደለም።

ፒችትሪና የመድኃኒት ቤት ዳታቤዝ ባካፕስ?

ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙ) ላይ ባካፕ ከመጀመራችሁ በፊት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከኩባንያው ፋይል ይውጡ። ፈጣን ነው፣ ፐርሰንቱን ማየት አያስፈልግም፤ የሚታየው የወጣው ፋይል ቀንና መጠን ነው። ካለፈው ሳምንቱ በጣም ካነሰ ጠርጥሩ።

ዳታቤዛችሁ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ከሆነ ትዕዛዙ ራሱ በየ10 ፐርሰንቱ መልዕክት ያወጣል፣ ቁጥሩንም መቀየር ትችላላችሁ። ይህኛው ፐርሰንት ከሌሎቹ ይልቅ ይታመናል፣ ዳታቤዙ የራሱን መጠን ያውቃላ። እየሠራ ያለን ዳታቤዝ ግን ፋይሉን እንዲሁ ኮፒ ፔስት አታድርጉት፣ ወይ እምቢ ይላችኋል ወይ ግማሹን ይሰጣችኋል።

100 ፐርሰንት ብሏል። ኦሪጅናሉን ካርድ ፎርማት ላድርገው?

ቆይ! ይሄ ጥያቄ ነው ሰው የሚያስለቅሰው።

መጀመሪያ የፋይል ብዛትና መጠን አወዳድሩ። በሁለቱም በኩል ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ። ማወዳደር ያለባችሁ «ሳይዝ» የሚለውን ነው፣ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ሁለት ዲስክ ላይ ቢለያይ ችግር የለውም። (ስለ መጠን ካነሳን፣ 1 ቴራባይት ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ቢል አልተሸወዳችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።)

ቀጥሎ ክፈቱ። ከመጀመሪያ፣ ከመሃልና ከመጨረሻ ፋይሎች መርጣችሁ፣ ቪዲዮ ከሆነ ወደ መጨረሻው ጎትታችሁ እዩት። ከመክፈታችሁ በፊት ኤክስተርናሉን በሥርዓት ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት፣ አለበለዚያ የምታዩት ኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ ያስቀረውን ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ገበያው ላይ «2 ቴራባይት» የሚል የተጻፈባቸው በጣም ርካሽ ፍላሾች አሉ። ውስጣቸው ያለው ጥቂት ጊጋባይት ሆኖ ኮምፒውተሩን 2 ቴራ ነኝ እያሉ ይዋሹታል። ባካፑ ያለ አንድ ኤረር 100 ፐርሰንት ይደርሳል። የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ስትከፍቷቸው ግን አይከፈቱም። የሂደት አሞሌ ይህን በምንም ዓይነት ሊነግራችሁ አይችልም። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ዳታ ሳትጭኑበት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልታችሁ ፈትኑት፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 አለ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

በቃ ማቆም ፈልጌያለሁ። እንዴት ላቁመው?

በራሱ ማቆሚያ። ካንስል ወይም ስቶፕ የሚለውን ተጫኑ፣ ምላሽ እስኪሰጥ ደቂቃዎች ስጡት፤ አንዳንዱ የያዛትን ፋይል ጨርሶ ነው የሚያቆመው። እምቢ ካለ በታስክ ማናጀር ዝጉት። ኬብል መንቀልና የፓወር ቁልፍ ተጭኖ መያዝ የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ ከነሱ በኋላ ዲስኩን ማስመርመር ግድ ነው።

ቤቴ አዘዞ ነው፣ ስቱዲዮው ፒያሳ። ባካፑን ከቤት ሆኜ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ቀላሉ ኤኒዴስክ ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይና ስልካችሁ ላይ መጫን ነው፣ ስክሪኑን እንዳለ ታዩታላችሁ። የይለፍ ቃሉን ጠንካራ አድርጉት፣ ለማንም አትስጡ።

ከዚህ የተሻለው ባካፑ ራሱ ሪፖርት እንዲያደርግ ማድረግ ነው። ስክሪፕት የሚጽፍ ልጅ ካገኛችሁ የቴሌግራም ቦት ያዘጋጅላችሁ። ባካፑ ሲጀምር አንድ መልዕክት፣ ሲያልቅ አንድ መልዕክት፣ ከነፋይል ብዛቱና ከኤክስተርናሉ የቀረ ባዶ ቦታ ጋር። ስህተት ሲኖር ብቻ እንዲልክ አታድርጉት፤ መብራት ከጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ከተዘጋ ስህተቱን የሚልክም የለም፣ እናንተ ደግሞ ዝምታውን ሰላም ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ። በየቀኑ መልዕክት ይምጣ። ማታ 4 ሰዓት መምጣት የነበረበት 5 ሰዓትም ካልመጣ ጠዋት ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ኤክስተርናሉን ይሁን።